ቁራሌው የማይወስደው

ኅዳር 1 ቀን 2017፣ እሑድ

የሰርቪስ ቤቱ በር አልከፈት አለ። በትከሻዬ ስገፋው አንድ ክንድ ያህል ይሄድና ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጋር ይጋጫል። ከማሽኑ ኋላ ትንሹ ፍሪጅ አለ። ከእሱ ኋላ የእማዬ አሮጌ ፍሪጅ። ከላይ ሁለት የተሰነጠቁ የኤሌክትሪክ ምጣዶች ተደራርበዋል። አንዱም አይሠራም። ሁሉም ግን «አንድ ቀን እናሠራዋለን» ተብለው የገቡ ናቸው።

የእማዬ ፍሪጅ እንኳን ሥራ አላጣም። በርበሬና ሽሮ ይቀመጥበታል። አይጥ አይደርስበትም፣ በሩም በቁልፍ ይዘጋል። አዲስ አበባ ውስጥ የሞተ ፍሪጅ ቁም ሣጥን ያልሆነበት ግቢ ፈልግ ብባል የምቸገር ይመስለኛል። ጫማ የሚደረደርበትን አይቻለሁ። የእድር ሰነድ የሚቀመጥበትንም አይቻለሁ።

ጠዋት ቁራሌው በሰፈር ሲያልፍ ጠራሁት። ገባ፣ በሩ ሥር አጎንብሶ አየ። ዋጋ ይጠራል ብዬ ስጠብቅ፣ «ኮምፕረሰሮቹንና ሞተሩን ፈትተህ ስጠኝ፣ እገዛሃለሁ» አለ። «ሌላውስ?» «ሌላው ቦታ ይይዝብኛል።» «ላሜራውስ?» «ላሜራውን ከፎሙ ገንጥለህ ካወጣኸው እወስዳለሁ። ፎሙን ግን እንዳታሸክመኝ።»

ሰውየው አልተሳሳተም። በእግሩ የሚዞር ሰው የሚያተርፈውን ነው የሚሸከመው። እኔን ግን ነገሩ አሳከከኝ። እሱ የማይወስደው ምን ያህል ነው? ማንስ ይወስደዋል? ከዛሬ ጀምሮ ያሉትን ማሽኖች እየፈታሁ፣ እያንዳንዷን ነገር በሚዛን እየመዘንኩ እጽፋለሁ። ያለኝ መሣሪያ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ የብረት መጋዝ፣ መሮና ማርቴሎ፣ ቴስተር፣ ከጎረቤት የተዋስኩት ግራይንደር፣ የእህል ሚዛን ነው። ጓንትና መነጽር ነገ እገዛለሁ።

ኅዳር 3

ዛሬ ምንም አልፈታሁም። ሁሉንም ወደ ግቢ አወጣን። ሦስት ሰው ፈጀ። እማዬ በርበሬዋን ወደ ማድ ቤት ስታዛውር ያላት ቁጣ ይቅር።

ከዚያ ጽሑፎቹን አነበብኩ። እያንዳንዱ ፍሪጅ ከኋላው ወይም ከውስጥ ግድግዳው ላይ ትንሽ ሰሌዳ አለው። ብዙ ሰው አያያትም። የሚያስፈልገው ሁሉ ግን እሷ ላይ ነው። ትንሹ ፍሪጅ «አር 134ኤ፣ 110 ግራም» ይላል። የእማዬው ሰሌዳ ዝጓል፤ በዘይት በራሰ ጨርቅ ሳሸው «አር 12» የሚለው ብቅ አለ።

ይህ ቁጥር የጋዙ ስም ነው፤ ለሥራው መጀመሪያ እሱን ማወቅ ያስፈልጋል። አር 12 የጥንቱ ነው፣ የኦዞንን ሽፋን የሚበላው። አር 134ኤ ኦዞንን አይነካም፣ ምድርን በማሞቅ ግን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሺህ እጥፍ በላይ ይብሳል። ሦስተኛ ዓይነትም አለ፣ አሁን በሚመጡት አዳዲስ ፍሪጆች ላይ የሚገኘው አር 600ኤ። እሱ አይሶቡቴን ነው፤ ከማድ ቤት ጋዝ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ይቀጣጠላል። ሰሌዳው ላይ 600 የሚል ያየ ሰው ግራይንደሩን መልሶ ያስቀምጥ።

የትንሹን ፍሪጅ በር አወለቅኩ፤ ሰፈሩ ልጅ በልጅ ነው። ሕፃን ገብቶ በሩ ከተዘጋበት ከውስጥ ጮኾ የሚሰማው የለም። አሜሪካኖች በዚህ ምክንያት ብቻ እ.ኤ.አ. በ1956 ሕግ አውጥተዋል፤ በሩ ከውስጥ ሲገፋ የሚከፈት እንዲሆን። የእማዬው ፍሪጅ ግን ቁልፍ ያለው ነው። ለጊዜው በሩን ወደ ግድግዳ አዞርኩት።

ኅዳር 6

ሰፈራችን ውስጥ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ፍሪጅ የሚጠግን ሰው አለ። ጋሼ ነው የምንለው። ጋዙን በመሣሪያ እንዲያወጣልኝ ስለምነው ሳቀ።

«በእኛ ጊዜ እኮ ልጄ፣ ቱቦዋን በፒንሳ ቁርጥ ነው። ፉስስ ትላለች፣ በቃ። ሻይ ሳትጠጣ ያልቃል።»

አሁን ግን መሣሪያው አለ። የሚሠራበት ቦታ የትልልቅ ማቀዝቀዣዎች ጥገና ስላለ፣ ጋዝ መሳቢያ ማሽንና ሲሊንደር ለአንድ ከሰዓት አስፈቅዶ አመጣ። በትንሹ ፍሪጅ ጀመርን። የኮምፕረሰሩ ቱቦ ላይ መብሻ ቫልቭ አሰረ፣ ቱቦ ቀጠለ፣ ማሽኑን አስነሳ። ሲሊንደሩን ከፊትም ከኋላም መዘንነው። 85 ግራም ገባ። ከ110 የጎደለው 25 ግራም ባለፉት ዓመታት እየተነፈሰ የወጣ ይሆናል። ጥቂቱ ደግሞ ዘይቱ ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል፣ ሁሉም አይወጣም።

85 ግራም አንድ ስኒ ያህል ስኳር ነው። አር 134ኤ ምድርን በማሞቅ የካርቦን ዳይኦክሳይድ 1430 እጥፍ ይገመታል። ሲባዛ 120 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ገደማ ይሆናል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ 2.3 ኪሎ ያህል ያወጣል። ስለዚህ ያቺ «ፉስስ» ብትባል ኖሮ ከ50 ሊትር በላይ ቤንዚን ግቢዬ ውስጥ እንዳነደድኩ ነበር። ጋሼ ስሌቱን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ ዝም ብሎ ቆየና፣ «ስንቱን ቆርጫለሁ» አለ።

የእማዬ ፍሪጅ ተራ ሲደርስ የግፊት መለኪያው ጌጅ ዜሮ ላይ ተኛ። ባዶ ነው። ጋሼ በረዶ ቤቱን በባትሪ እያየ አንዲት የሚስማር ጫፍ የምታክል ቀዳዳ በጣቱ አሳየኝ። አልሙኒየሙ ተበስቷል።

«እትዬ፣ በረዶ በቢላ ነቅለዋል?»

እማዬ ከማድ ቤት ሆና መለሰች። «ታዲያ በምን ልንቀለው? በጥርሴ?»

የፍሪጁ የሞት ምክንያት ታወቀ። ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ ምስጢር ነበር። ያ ጋዝ ያን ቀን በዚያች ቀዳዳ ወጥቷል። አር 12 ደግሞ ሰማይ ላይ መቶ ዓመት ያህል ይቆያል። ስለዚህ አሁንም እዚያው ላይ ነው።

ጋሼ ቡና እየጠጣ እ.ኤ.አ. ከ1994 በኋላ የመጡትን ስልጠናዎች አጫወተኝ። ኢትዮጵያ ኦዞንን የሚበሉ ጋዞችን የሚያግደውን የሞንትሪያል ስምምነት የተቀበለችው በዚያ ዓመት ነው፤ ስምምነቱ ራሱ የ1987 ነው። አር 12ና መሰሎቹ በታዳጊ አገሮችም ከ2010 ጀምሮ ተከልክለዋል። አር 134ኤ ተራው የደረሰው ቆይቶ ነው፣ በ2016 ኪጋሊ ላይ በተፈረመው ማሻሻያ። ጋሼ በአንድ ዕድሜው ሦስት ጋዝ አሳልፏል። «አራተኛው ሲመጣ እኔ ጡረታ ነኝ» አለ።

ኅዳር 8

የትንሹ ፍሪጅ ቀን። ጠቅላላ ክብደቱ 36 ኪሎ።

መጀመሪያ ኮምፕረሰሩ። አራት ብሎን ነው። ዳዶዎቹ ዝገው አንዱን በመጋዝ ቆረጥኩት። ዘይቱን ገልብጬ በጠርሙስ አጠራቀምኩ፣ ከሩብ ሊትር ትንሽ ይበልጣል። ወደ ቦይ እንዳትደፉት። ከሞተር ዘይትም ጋር እንዳትቀላቅሉት፣ ጋዝ የሟሟበት ዘይት ነው።

ከኋላ ያለው ጥቁር መረብ፣ ኮንደንሰሩ፣ ብረት ነው። መዳብ መስሎኝ በፋይል ፋቅሁት፣ አይደለም። ትክክለኛው መዳብ ከማጣሪያዋ አጠገብ ያለችው ቀጭን ቱቦ ነች፣ እንደ ስፓጌቲ የምትቀጥነው። በረዶ ቤቱ አልሙኒየም።

ከዚያ የመጀመሪያው ጥፋት መጣ። የመደርደሪያ መስታወቶቹ ጥሩ ነበሩ። ለመስኮት ይሆናሉ ብዬ አንዱን በመስታወት መቁረጫ ጫር አድርጌ በጠርዙ ተጫንኩት። ፈነዳ። እንደ ቆሎ ተበተነ። በሙቀት የጠነከረ መስታወት ከተሠራ በኋላ አይቆረጥም፣ ለካስ። ውጥረቱ ውስጡ ታስሮ ይኖራል፤ አንድ ቦታ ሲነካ ሁሉም አብሮ ይለቃል። መነጽሩን ያደረግሁት ከአንድ ሰዓት በፊት ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን። የቀሩትን ሁለቱን ሳልነካ ለጎረቤት ሰጠሁ፤ ለሱቋ መደርደሪያ አደረገቻቸው።

ፎሙ ሰዓቱን በላው። ላሜራውና የውስጡ ፕላስቲክ ከፎሙ ጋር አንድ ላይ የተጋገሩ ናቸው። ፋብሪካ ውስጥ በሁለቱ መካከል እንደ ሊጥ ይፈስና ኩፍ ብሎ ይጣበቃል። በረጅም ቢላ እየቆረጥኩ በተቻለኝ ሳልፈረፍር በትልልቁ አወጣሁት። የዚህኛው ፍሪጅ ሰሌዳ ፎሙ በሳይክሎፔንቴን የተነፋ ነው ይላል። ኦዞን አይነካም፣ ግን ይቀጣጠላል፤ ስለዚህ ግራይንደር የለም፣ ሲጋራም የለም። ምሽት ላይ ሁለት ማዳበሪያ ሞላ። መዘንኩት፤ አራት ኪሎ። ግማሽ ክፍል ሞልቶ አራት ኪሎ!

የቀረው፦ ኮምፕረሰር 8፣ ላሜራና ሌላ ብረት 13፣ ፕላስቲክ 6፣ መስታወት 3፣ አልሙኒየምና መዳብ ተደምሮ 1። ትርፍራፊው ኪሎ የበሩ ጎማ፣ ሽቦና ቴርሞስታት ነው። የበሩ ጎማ ውስጥ ረጅም ማግኔት አለ። የእህቴ ልጅ ወስዶ አሁን ማንኪያ ሁሉ ተሰብስቦበታል።

ኅዳር 9

የእማዬን ፍሪጅ ላለመፍታት ወሰንኩ።

በጎኑ አንድ ጥግ ላይ ላሜራውን በመሮ ከፍቼ ነበር። ቢጫ ፎም ወጣ፣ ጫን ስለው ይፈረፈራል። ያኔ ቆም ብዬ አሰብኩ። በዚያ ዘመን የተሠራ ፎም የሚነፋው በአር 11 ነው፤ እሱም እንደ አር 12 የኦዞን ጠላት ነው። ቱቦው ባዶ ሆነ ማለት ፍሪጁ ባዶ ሆነ ማለት አይደለም። በእንዲህ ዓይነት ፍሪጅ ብዙ ጊዜ ግድግዳው ውስጥ ያለው ጋዝ ቱቦው ውስጥ ከነበረው ይበልጣል። በእያንዳንዷ የፎም ዓይን ውስጥ ተዘግቶ ተቀምጧል። በሰበርኩ ቁጥር ይወጣል።

አውሮፓ ውስጥ ይህን የሚያደርጉት በተዘጋ ክፍል ነው። ፍሪጁ እንዳለ ይፈጫል፣ የሚወጣው ጋዝ ይሰበሰባል። እኔ ያለኝ መሮ ነው። የከፈትኩትን ጥግ መልሼ መታሁት፣ በሰፊ ፕላስተር ለጠፍኩት። ኮምፕረሰሩን ብቻ ፈታሁ። ቁራሌው የጠየቀኝም እሱን ነበር፤ የተገናኘንበት ምክንያት ግን ለየቅል ነው።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ፣ ሚካኤል

ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ነው። በ1911 የእንፍሉዌንዛው ወረርሽኝ፣ የኅዳር በሽታ የተባለው፣ ከተማዋን ሲፈጃት ሰው ቆሻሻውን ሰብስቦ አቃጠለ። ጭሱ በሽታውን ያባርራል ተባለ። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ቀኑ ሲደርስ አሁንም እሳት ይነዳል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አታጭሱ የሚል ማሳሰቢያ ይሰማል። የሚሰማው ግን ሁሉም አይደለም።

ገና በማለዳ የሰፈር ልጆች በሩን አንኳኩ። «ወንድሜ፣ የሚቃጠል አለህ?» አንዱ አልፎኝ ገብቶ የፎሙን ማዳበሪያ አየ። ዓይኑ በራ። እንደ ቤንዚን እንደሚነድ ያውቃል።

«ይሄ አይሰጥም።»

«ፎም ነው እኮ፣ ምን ያደርግልሃል?»

ምን ብዬ ልንገረው? ፎሙ የተሠራበት ፖሊዩሬቴን ሲነድ ጭሱ ውስጥ ሳያናይድ የሚባል መርዝ አለ ብለው ያጋነንኩ ይመስለዋል። እውነት ነው ግን፤ የቤት ቃጠሎ ላይ ሰው የሚገድለው ብዙ ጊዜ ነበልባሉ ሳይሆን እንዲህ ያለ ጭስ ነው። በመጨረሻ «የሰው ዕቃ ነው» ብዬ ዋሸሁ። የደረቀ የኮባ ቅጠልና ካርቶን ሰጥቼ ሸኘኋቸው።

ሁለተኛው ጠያቂ ከባድ ነበር። የታችኛው ቤት ሰውዬ የተጠቀለሉትን ገመዶች አይቶ፣ «አምጣው፣ እሳቱ ላይ እንጣለው፣ መዳቡ ጥርት ብሎ ይወጣል» አለኝ። ለመርዳት ነው። ብዙ ሰው የሚያደርገውም እንደዚያ ነው። የገመድ ልባስ ፒቪሲ ነው፤ ሲነድ አሲድ ይወጣል፣ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝም ይፈጠራል፤ መዳቡ ራሱ ይህንን ያባብሳል። ለእሱ ግን ሌላውን ምክንያት ነገርኩት፤ የተቃጠለ መዳብ ይጠቁራል፣ ገዢው ከንጹሑ ዝቅ አድርጎ ነው የሚይዘው። ይህ ገባው። ከእኔ ጋር ቁጭ ብሎ በቢላ መላጥ ጀመረ። ሁለታችን እያወጋን ከሰዓቱ አለቀ። ከተማዋ ታጥና ነበር፣ የፀሐይ ዓይን አይታይም። እኛ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ሽቦ ላጥን።

ኅዳር 15

ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ። 64 ኪሎ። ከዚህ ብዙ ብር ጠብቄ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

ክዳኑን ሳነሳ መጀመሪያ ያገኘሁት ኮንክሪት ነው። አልቀለድኩም። ከላይ አንድ፣ ከፊት አንድ፣ እንደ ማገዶ የከበደ ሲሚንቶ በብሎን ታስሯል። ማሽኑ ሲጨምቅ እንዳይዘል ይዞ የሚያስቀምጠው እሱ ነው። ሁለቱ 23 ኪሎ መዘኑ። የማሽኑ ሲሶ ድንጋይ ነው! ሰው ማሽን ሲያሸክም «እንዴት ይከብዳል፣ ጥሩ ዕቃ ነው» ይላል። ኮንክሪቶቹን ሮቶው ሥር አስገባኋቸው፤ ከዛገው ብሎኬት ይሻላሉ። ብሎኬት አይዝግም ለምትሉ፣ የእኛ ውስጡ ብረት ያለው ነው።

የውኃ ማውጫ ፓምፑ ውስጥ ሁለት አዝራር፣ አንድ የፀጉር ጌጥ፣ አምስት የአሥር ሳንቲም ዝርዝሮች ተገኙ። እማዬ ሳንቲሞቹን ተቀበለች።

ከበሮውን ሳወጣ ማሽኑ ለምን እንደሞተ አየሁ። ከበሮውን ከኋላ የሚይዘው ባለ ሦስት እግር አልሙኒየም ነው። አንዱ እግር በልቶት ተሰብሯል፣ ሌላው እንደ ብስኩት ይፈርሳል። ሳሙናው አልካሊ ነው፤ አልሙኒየም ደግሞ ከማይዝግ ብረት ጋር ተጣብቆ ውኃ ውስጥ ሲኖር ቶሎ ይበላል። አንድ ሠራተኛ ከሦስት ዓመት በፊት «ቦርዱ ነው» ብሎ ቦርድ ቀይሮ አስከፍሎን ነበር። ቦርዱ ጤነኛ ነበር ማለት ነው። አልፏል።

ከበሮው ማግኔት ይስባል። ስለዚህ ተራ ብረት ነው ብዬ ልጥለው ስል ጋሼ አስቆመኝ። ማግኔት የሚስብ የማይዝግ ብረትም አለ፤ ኒኬል የሌለበት ነው። ዋጋው ከኒኬላማው ያንሳል፣ ከተራ ብረት ግን ይበልጣል። ማግኔት ብቻውን ምስክር አይሆንም። ዝገትን እዩ፤ ለዓመታት ውኃ ውስጥ የኖረ ከበሮ ነጥብ ዝገት የለበትም።

ኅዳር 16

ሞተሩ። አምስት ኪሎ። ስከፍተው ቀይ የሚያብረቀርቅ ጥቅልል ሽቦ። «መዳብ!» ብዬ ጮኽኩ። እማዬን ጠርቼ አሳየሁ። ሂሳብ ጀመርኩ እንዲያውም።

ከሰዓት ቁራሌው አለፈ። ጠጋ ብሎ ከኪሱ ባወጣት ቢላ ሽቦዋን አንዴ ጫር አደረጋት። ነጭ ሆነች። «አልሙኒየም ነው» አለ። ቀዩ ቀለም ልባሱ ነው፣ ቫርኒሹ። አንድ ሰከንድ አልፈጀበትም።

ኮራሁበት፣ ተናደድኩም። ጠርጥሬ ብመዝነው ኖሮ ይታወቀኝ ነበር፤ መዳብ በተመሳሳይ መጠን ከአልሙኒየም ከሦስት እጥፍ በላይ ይከብዳል። እፍኝ የምትሞላ ጥቅልል በእጄ ስትቀል መጠርጠር ነበረብኝ። የቀረኝ ተስፋ የእማዬ ፍሪጅ ኮምፕረሰር ነው።

ኅዳር 18

የእማዬን ኮምፕረሰር ከፈትኩ። ዘይቱን አስቀድሜ አፈሰስኩ፣ ሌሊቱን ዘቅዝቄ አቆየሁት። ከዚያ በብየዳው መስመር ዙሪያውን በእጅ መጋዝ። ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሦስት የመጋዝ ምላጭ። በግራይንደር አሥር ደቂቃ ነው፣ ግን ብልጭታውና የዘይቱ ጭስ አልተስማማኝም፤ የአር 12 ቅሪት እሳት ሲነካው የሚለወጥበት ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ውስጡ አራስ ቤት ይመስላል። ሁሉም በዘይት የወዛ፣ በምንጭ ብረቶች ላይ የተንጠለጠለ። ሽቦውን ጫር አደረግሁ። ቀይ። እንደገና ጫርኩ። ቀይ! መዳብ። 800 ግራም ወጣው። በእማዬ ዘመን አይሰስቱም ነበር።

ኅዳር 21

ጽዮን ማርያም። ሥራ የለም።

ኅዳር 23

ምጣዶቹ። እነዚህን የውጭ አገር መጽሐፍ አያውቃቸውም፤ እኛ ቤት ግን ከፍሪጅ በላይ መብራት የሚበላው እሱ ነው። ሁለቱም ተሰንጥቀዋል። የላይኛው ሸክላ ሲገለበጥ ከሥሩ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ቦይ አለ፤ ሽቦው በቦዩ ውስጥ ይሄዳል፣ ከላዩ በጀሶ ተደፍኗል። ጀሶውን በመሮ ቀስ እያልኩ ፈነቀልኩ።

ሽቦው ኒክሮም ነው፣ ኒኬልና ክሮሚየም። ከአንደኛው ሳይበጠስ ሙሉውን ጠምዝዤ አወጣሁት። በቴስተር ለካሁ፦ 14 ኦም ገደማ። በ220 ቮልት ይህ 3500 ዋት ማለት ነው፣ ልክ ነው። የሁለተኛው ግን አንድ ቦታ ተቀጥሎ ነበር፤ 11 ኦም ሆኗል። የተበጠሰውን እየቆረጡ ሲቀጥሉ ሽቦው ያጥራል፣ ተቃውሞው ይቀንሳል፣ የሚስበው ኃይል ይጨምራል። ቆጣሪው ለምን ይወድቅ እንደነበር አሁን ገባኝ። ይህንን ወደ ምጣድ አልመልሰውም፣ ቢመለስም እየደረቀ ይሰበራል። የመጀመሪያውን ምጣድ ሠሪ ወሰደው።

የአልሙኒየም ክዳኖቹ ደህና ናቸው። ሸክላውን ላወጣ ስል እማዬ ደረሰችና ከስብርባሪው ሁለት ጥሩ ገል መረጠች። ዕጣን ማጤሻ። ከሁሉ ማሽን ያለ ደላላ ገዢ ያገኘው እሱ ነው።

ኅዳር 26

ምናለሽ ተራ። አይሱዙ ተከራየን፤ ጋሼም አብሮኝ መጣ፣ ብቻዬን ብሄድ እንደሚበሉኝ ስላወቀ።

እዚያ የገባ ሰው ቆሻሻ የሚለውን ቃል ለጊዜው ይረሳል። በርሜል ምድጃ ይሆናል፣ ጎማ ጫማ ይሆናል፣ የቀለም ቆርቆሮ ኩራዝና ማንቆርቆሪያ ይሆናል። ማርቴሎው ሳያቋርጥ ስለሚመታ ዋጋ የሚጠራው በጣት ነው። የማጠቢያውን ላሜራ አንድ ምድጃ ሠሪ ገዛኝ፣ በነጭ ቀለሙ እንዳለ። ቀለሙን ሳትፍቅ እሳት እንዳትሰጠው አልኩት። «ወንድሜ፣ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ» አለ። አፈርኩ።

የዛገው ብረት ወደሚያቀልጡት ይሄዳል፣ ፌሮ ሆኖ ይመለሳል። አልሙኒየሙን ሌላ ሰው፣ መዳቡን ሌላ ሰው። የመዳቡ ገዢ 800 ግራሟን በትንሽ ሚዛን፣ እንደ ወርቅ ነው የመዘናት። ያቺ የእማዬ መዳብ ከላሜራው ሁሉ የማይተናነስ ብር አወጣች። ለመኪናው ከፍለን የተረፈን ለሦስት ሰው ክትፎ ባልከፋ፤ ጾም ስለሆነ ሽሮ ፈሰስ በላን።

ያልተሸጠው ተመልሶ መጣ። የማጠቢያው የበር መስታወት፣ ያ ጎድጓዳው። ሙቀት የሚችል ዓይነት ስለሆነ ከጠርሙስ ጋር አብሮ አይቀልጥም። እማዬ ሰላጣ ማቅረቢያ አድርጋዋለች፤ ልክ ነው የሚሆነው። የማጠቢያው የፕላስቲክ ገንዳ ላይ ምልክቱን አይቶ የሚወስድ ልጅ ነገ ይመጣል ተብሏል።

ታኅሣሥ 4

ልጁ መጣ፣ ወሰደ።

የቀረኝ ዝርዝር አጭር ነው፦ ሁለት ማዳበሪያ ፎም፣ ሁለት ጠርሙስ ዘይት፣ ሦስት ቦርድ፣ አንድ ካፓሲተር፣ የእማዬ ፍሪጅ። አገራችን ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ደንብ አላት፣ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ደንብ፣ ቁጥር 425/2010። ቁጥሩን ይዤ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ወደ ሌላ ክፍል ላኩኝ። እዚያ ያለችው ልጅ ትሑት ነበረች፣ ስልኬን መዘገበች። «ስንት ፍሪጅ ነው?» አለችኝ። «አንድና ሁለት ማዳበሪያ።» እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ቆሼ፣ የከተማዋ ቆሻሻ መጣያ፣ መጣል ይቻላል፣ ማንም አያየኝም። ግን እዚያ ላይ ሰው አለ፣ ቆሻሻ እየለየ የሚኖር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ክምሩ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ያለቀበት ቦታ ነው። እዚያ የሚነድ ፎም ላክሁ ብዬ መተኛት አልችልም።

ታኅሣሥ 6

ቁራሌው መጣ። ሰርቪስ ቤቱ አሁን በሰፊው ይከፈታል። ባዶነቱን አይቶ ተገረመ። ጥግ ላይ ማዳበሪያዎቹን አየና ፊቱ ተለወጠ። ጉልበቱን አጥፎ፣ በሁለት እጁ ይዞ፣ ከባድ ነገር ሊያነሳ ተዘጋጀ። ማዳበሪያው እስከ ደረቱ ዘለለ። ወደ ኋላ ሊወድቅ ነበር።

«ምንድን ነው?»

«ፎም።»

«አይ አንተ» አለና አስቀመጠው።

ከኋላው እማዬ ሰፌድ ይዛ ቆማለች። የፍሪጇን ጎን በእጇ ዳበሰች፣ ፕላስተሩን አየች። «በሩን ወደ ግድግዳ ምን አዞረብኝ?» ስለ ልጆቹ ነገርኳት። አሰበችበት። ከሰዓት የበሩን ቁልፍ ከነምላሱ ፈታሁና ጣልኩት፤ ጎማውንም ላጥኩ፤ አሁን ከውስጥም ከውጭም በአንድ ጣት ይከፈታል። ከነጠላዋ ጥለት ትርፍ ጨርቅ ቀድዳ እጀታው ላይ ከላይ፣ ልጅ የማይደርስበት ጋ፣ ሸምቀቆ አሰረች።

ማታ ላይ ሽሮው ተመልሷል። በርበሬው ነገ።